ዋና ዐቃቤ ሕጉ ተጠሪነቱ ለማን ነው?

ኮሎኔል ሞሪስ ዴቪስ የጓንታናሞ ወታደራዊ ኮሚሽኖች ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆነው ሁለት ዓመት ካገለገሉ በኋላ በኦክቶበር 2007 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሥራቸውን ለቀቁ። ለመልቀቃቸው መነሻ የሆነው ከአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የወጣ የተጠሪነት መመሪያ ነው። መመሪያው ዋና ዐቃቤ ሕጉን በብርጋዴር ጄኔራል ቶማስ ሃርትማን፣ ሃርትማንን ደግሞ በሚኒስቴሩ ዋና የሕግ አማካሪ በዊሊያም ሃይንስ ሥር አደረገ።

ሃይንስ በ2002 በእስረኞች ላይ ጠንካራ የምርመራ ዘዴዎች ሥራ ላይ እንዲውሉ ለሚኒስትሩ ለዶናልድ ራምስፌልድ የውሳኔ ሐሳብ ያቀረቡ ሰው ናቸው። ዴቪስ ግን በውኃ እያፈኑ በማሰቃየት የተገኘ ቃል በማስረጃነት እንዳይቀርብ ለዐቃብያነ ሕጋቸው ትእዛዝ ሰጥተው ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዎች አለቃና ምንዝር ሲሆኑ የዚያ ትእዛዝ ዕጣ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ዴቪስ በኤፕሪል 2008 ጓንታናሞ ተመልሰው የኦሳማ ቢንላደን ሾፌር በነበረው በሳሊም ሐምዳን መዝገብ የመከላከያ ምስክር ሆነው ቀረቡ። ትናንት ከሳሽ የነበረ መኮንን ዛሬ ለተከሳሽ ሲመሰክር ነገሩ ምን ያህል እንደተበላሸ ያሳያል።

በወታደር ቤት የማዕረግ ዕድገት በአለቃ ምዘና ይወሰናል። የ2006ቱ የወታደራዊ ኮሚሽኖች ሕግ ማንም ሰው በዐቃቤ ሕግ ወይም በተከላካይ ጠበቃ ሙያዊ ውሳኔ ላይ ሕገ ወጥ ጫና እንዳያሳድር ይከለክላል፤ ምዘናውን የሚሞላው ሰው ጫና አሳዳሪው ራሱ ከሆነ ግን ክልከላው ከወረቀት አያልፍም።

የሃርትማን ሹመት ችሎቶቹን ለሚሰይሙት ባለሥልጣን፣ ለሱዛን ክሮፎርድ፣ የሕግ አማካሪ እንዲሆኑ ነበር። ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው ክስ ለችሎት ይበቃል አይበቃም ብለው ገለልተኛ ምክር መስጠት ነበረባቸው። እሳቸው ግን የዐቃቤ ሕጉን ቢሮ በቅርብ ይመሩ፣ የትኛው ክስ ይቅደም በሚለው ላይ ሳይቀር እጃቸውን ያስገቡ ነበር። አንዱን ባለጉዳይ ሲመክር የከረመ ሽማግሌ በዕርቁ ቀን መሐል ልቀመጥ ቢል ማን ይቀበለዋል? የሐምዳንን መዝገብ የያዙት ዳኛ፣ የባሕር ኃይሉ ካፒቴን ኪት ኦልሬድ፣ ሃርትማን ከከሳሹ ወገን ጋር ከልክ በላይ ተጠጋግተዋል ሲሉ በሜይ 2008 ከጉዳዩ አገዷቸው። በኦገስት ሌላ ዳኛ በመሐመድ ጃዋድ መዝገብ ተመሳሳይ እገዳ ጣሉ።

በጃዋድ መዝገብ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ሌተና ኮሎኔል ዳረል ቫንደቬልድም ለተከላካዮች መሰጠት ያለበት ማስረጃ አልተሰጠም ብለው በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ለቀቁ። በቀጣዩ ወር ክሮፎርድ የአምስት እስረኞችን ክስ አነሡ። ከአምስቱ አንዱ ኢትዮጵያ ተወልዶ እንግሊዝ ይኖር የነበረው ቢንያም መሐመድ ነው። ለፍርድ ሳይቀርብ በፌብሩዋሪ 2009 ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። በአንድ ቢሮ ውስጥ ማን ለማን እንደሚታዘዝ የሚነሣ ክርክር የሩቅ ሰው ጉዳይ ለሚመስለው ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ማስታወስ ተገቢ ነው።

ዳኞቹም ከዚህ አላመለጡም። በጃንዋሪ 2015 ሚኒስቴሩ ችሎቶቹን በሚሰይሙት ባለሥልጣን ሐሳብ አቅራቢነት ዳኞች ሌላ ሥራቸውን ትተው ጓንታናሞ እንዲኖሩ አዘዘ። የሴፕቴምበር 11ን ጉዳይ የያዙት ኮሎኔል ጄምስ ፖል ትእዛዙን ፍርድን ለማፋጠን የተቃጣ ሕገ ወጥ ጫና ብለው ችሎቱን አቆሙ፤ ትእዛዙም ተሻረ። ፖል ያደረጉት ትክክል ነበር።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የዩኤስኤስ ኮል መዝገብ ነው። በ2000 የመን ውስጥ በመርከቧ ላይ በደረሰው ጥቃት 17 ባሕርተኞች ሞተዋል። ጉዳዩን የያዙት ዳኛ ቫንስ ስፓት ችሎት ላይ እያሉ ለኢሚግሬሽን ዳኝነት ለፍትሕ ሚኒስቴር አመለከቱ፤ ሚኒስቴሩ ደግሞ በክሱ የሚሳተፍ ወገን ነው። ማመልከታቸውንም ለተከሳሹ ጠበቆች አልገለጹም። የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2019 ከማመልከቻው ወዲህ የሰጧቸውን ትእዛዞች በሙሉ ሻረ። ከሁለት ዓመት በላይ የተሠራ ሥራ ከንቱ ሆነ፤ ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆችም እንደገና መጠበቅ ጀመሩ።

በጁላይ 2024 መጨረሻ ችሎቶቹን የሚሰይሙት ሱዛን ኤስካሊየር ከሦስት የሴፕቴምበር 11 ተከሳሾች ጋር የሞት ቅጣትን የሚያስቀር ስምምነት ፈረሙ። በሁለተኛው ቀን የመከላከያ ሚኒስትሩ ሎይድ ኦስቲን ሥልጣኑን ወደ ራሳቸው ወስደው ስምምነቱን ሰረዙ። ወታደራዊው ዳኛ ስምምነቱ ይጸናል አሉ፤ በጁላይ 2025 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ለሚኒስትሩ ወሰነ። በሕጉ ሥልጣኑ ከመጀመሪያውም የሚኒስትሩ ነው፤ ለሌላ የሰጡትን መልሰው ሊወስዱት ይችላሉ። ስሕተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ችሎት የሚሰይመውም፣ የሚከሰውም፣ ለተከሳሽ የሚቆመው ወታደራዊ ጠበቃም መጨረሻቸው አንድ የፖለቲካ ተሿሚ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ችሎት ሰያሚውን በተወሰነ የሥራ ዘመን እንዲሾምና ያለ በቂ ምክንያት እንዳይነሣ ሊደነግግ ይገባዋል። የዐቃብያነ ሕጉና የጠበቆቹ ምዘናም ከሚኒስትሩ ቢሮ ወጥቶ በክሱ ጥቅም ለሌለው አካል ይሰጥ።