አሸዋው ባዶ ቦታ አይደለም

ድሬዳዋ ረግረግ የላትም ይባላል። ደንገል የሚበቅልበት ዳርቻ የላትም፣ እውነት ነው። ያላት የደቻቱ ወንዝ ነው፤ እሱም የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። ልጆች ኳስ ያባርሩበታል፣ ነጋዴ ሸራ ይወጥርበታል፣ ገልባጭ መኪና ወርዶ አሸዋ ይጭንበታል። የቤት እጥረት በተነሣ ቁጥር ታዲያ ዓይን የሚያርፈው እዚያው ነው፦ «ይሄ ሁሉ ቦታ ባዶውን ከሚቀመጥ ለምን አይለማም?»

ባዶ አይደለማ! ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ከደንገጎ በኩል ካለው ደጋ የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ገድሏል፣ ሺዎችን ያለ ቤት አስቀርቷል። ውኃው የሄደው በገዛ መንገዱ ነው፤ መንገዱ ላይ የተገኘነው እኛ ነን።

ከዚያ ወዲህ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ ያስፈልግ ነበር፤ የሚያስፈራኝ ከግንቡ ጀርባ የመጣው ድፍረት ነው። «ግንብ አለ» የሚለው ቃል የግንባታ ፈቃድ ያህል ሆኗል። ግንብ ግን ጎርፍን አያስቀርም፤ አጥብቦ ያስሮጠዋል፣ ከታች ላለው ሰፈር አጠናክሮ ያስረክበዋል። የደጋው ተራራ ከዓመት ዓመት እየተራቆተ፣ ወርዶ የሚመጣው ደለል የወንዙን ወለል እየሞላው፣ የዛሬው የግንብ ቁመት ለነገ ላይበቃ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ብዙም አይወራም። ድሬዳዋ የምትጠጣው የጉድጓድ ውኃ ነው። በየቤቱ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው፣ ቧንቧውን የሚደፍነው ነጭ ኖራ ውኃው ከየት እንደሚቀዳ ይመሰክራል። ጎርፉ አሸዋው ውስጥ መስረጉ የከርሰ ምድሩን ውኃ ከሚመግቡት አንዱ ነው፤ አሸዋውን በኮንክሪት መሸፈን እንግዲህ የራስን ማድጋ መክደን ማለት ነው። ሳቢያንን ተመልከቱ። የከተማዋ ዋና የውኃ ጉድጓዶች ያሉበት ቦታ ሆኖ ሳለ ሰፈር ሆነ፤ የፍሳሽ መስመር በሌለበት በየግቢው የመጸዳጃ ጉድጓድ ተቆፈረ። በጉድጓዶቹ ውኃ ናይትሬት እየጨመረ መምጣቱን ጥናቶች ካሳዩ ቆይተዋል። ሐረር ትጠጣው የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ፊቷን ወደ ድሬዳዋ ቆላ አዙራ ውኃ በቧንቧ ሽቅብ ወስዳለች። ድሬዳዋ የራሷን ስታበላሽ ፊቷን ወዴት ታዞራለች?

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ የሚወደደው ክርክር እሱ ነውና። የሊዝ ገቢ ይገኛል ይባላል። ይገኛል። ግን የሊዙ ገቢ ተከፍሎ ባለቀ ቀን ያበቃል፤ የግንቡ ጥገና፣ የደለል ጠረጋው፣ የነፍስ አድን ሥራውና የተፈናቃይ ቀለቡ ግን ማለቂያ የለውም፣ የሚከፈለውም ከሕዝብ ካዝና ነው። ቤት ገዢውስ? በ20/80 የጋራ መኖሪያ ቤት መርሐ ግብር ቤት የደረሰው ሰው የዋጋውን 80 በመቶ ለባንክ ለዓመታት ይከፍላል። ጎርፍ ቤቱን ቢወስድ ዕዳውን አብሮ አይወስድም።

«ታዲያ ሰው የት ይኑር?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ነፃ የንግድ ቀጣናው በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ቤት ፈላጊው ይበዛል እንጂ አያንስም። ነገር ግን ከተማው መሐል ምድር ቤት ብቻ ሆኖ የተንጣለለ ስንት ግቢ አለ! ወደ ላይ መሥራት እየተቻለ ወደ ወንዙ መውረድ የቦታ እጦት አይደለም፤ የወንዝ ዳር መሬት ካሳ የሚጠይቅ ባለቤት ስለሌለው ብቻ የሚመረጥ አቋራጭ ነው።

እንግዲህ አንድ ቦታ ለጨረታ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገር በሰነዱ ላይ ይጻፍ፦ በ1998 ውኃው እዚያ ቦታ ምን ያህል ከፍታ እንደደረሰ፣ ከቅርቡ የውኃ ጉድጓድ ስንት ሜትር እንደሚርቅ፣ ግንቡ ሲፈርስ ማን እንደሚጠግን። ገዢው ይህን አንብቦ ይፈርም፤ ሻጩም አብሮ።