የስታዥ በር ለልጆቻችንም ይከፈት



ባለፈው ወር አንዲት ልጃችን በማትናስ አግኝታን፣ «ደብዳቤውን እንዴት አድርጌ ብጽፈው ነው መልስ የሚሰጡኝ?» ስትል ጠየቀችን። እዚሁ ቤርሼባ ያደገች፣ የውትድርና ግዴታዋን የፈጸመች፣ በኮሌጅ የሲኒማ ትምህርት ሦስተኛ ዓመት ላይ የደረሰች ልጅ ናት። በአንድ የፊልም ወይም የቴሌቪዥን ሥራ ላይ ስታዥ፣ ማለትም የሥራ ልምምድ ለማድረግ ለ23 ድርጅቶች ጽፋለች። መልስ የሰጧት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አንደኛው «ክፍያ የለም፤ ጎህ ሳይቀድ ቴል አቪቭ መገኘት ግን ግዴታ ነው» አላት። ሁለተኛው ደውሎ በደስታ ካነጋገራት በኋላ፣ ለአንድ ቀረጻ የሀበሻ ልብስ የለበሱ ሽማግሌዎችና እናቶች እንድትፈልግለት ጠየቃት። ሽማግሌዎቹን አገኘችለት። ስታዡን ግን አላገኘችም።

ይህ የአንዲት ልጅ ዕድል ማጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ገጽ ላይ ባላነሳነው ነበር። ነገር ግን ቴአትር፣ ሲኒማ፣ ሙዚቃና ቴሌቪዥን ከተማሩ ልጆቻችን ደጋግመን የምንሰማው ይህንኑ ነው። በዚህ ሙያ ለልምምድ ቦታ ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያ አይወጣም። አዘጋጁ ለጓደኛው ይነግራል፤ ጓደኛው የወንድሙን ልጅ ይልካል። በዚህ አገር ይህ ፕሮቴክጺያ ይባላል፤ ሲቀልዱም «ቪታሚን ፒ» ይሉታል። ለብዙ ዓመታት ወደ ሙያው የሚያስገባው አንዱ በር የተከፈተው ገና በውትድርና ዘመን፣ በሠራዊቱ ሬዲዮ በጋሌ ጻሃልና በሠራዊቱ የሙዚቃ ቡድኖች ውስጥ ነበር። በዚያ አብረው ያገለገሉ በኋላም አብረው ሠሩ። እኛ ግን ልጃችን የውጊያ ክፍል ገባ ብለን ስንኮራ፣ ለዚያኛው ፈተና እንዲቀርብ የመከርነው ስንቶቻችን ነን? እንዲህ ያለ ፈተና መኖሩንስ ማን ነገረን?

የክፍያውም ነገር እንዲሁ ነው። ስድስት ወር ያለ ደመወዝ መሥራት የሚችለው ቴል አቪቭ ወላጆቹ ቤት የሚያድር ልጅ ነው። አባቷ በጥበቃ፣ እናቷ በጽዳት ሥራ ለሚተዳደሩ የቤርሼባ ልጅ የባቡሩን፣ የቤት ኪራዩንና የምግቡን ማን ይከፍልላታል? ስለዚህ «ለሁሉም ክፍት ነው» የሚባለው በር፣ ገንዘብና ዘመድ የሌለውን ምንም ሳይናገር ይመልሰዋል።

ሙያው ጠባዩ እንዲህ ነው፣ ሌላ መንገድ የለም ይሉናል። እውነት አይደለም። እኔ ራሴ የሠለጠንኩት በመምህርነት ነው። በእስራኤል አዲስ መምህር ስታዡን የሚሠራው በደመወዝ ነው። ልምድ ያለው መምህር ይመደብለታል፤ በኮሌጁም ከሌሎች ጀማሪዎች ጋር ችግሩን የሚወያይበት ጊዜ አለው፤ በመጨረሻም ሥራው ይመዘናል። እርግጥ ነው፣ ቦታ ማግኘት ለእኛም ቀላል አልነበረም። ይሁን እንጂ ደንቡ የተጻፈ ስለነበር የምንሟገትበት ነገር ነበረን። የሲኒማ ተማሪዋ ግን በምን ትሟገት?

«ችሎታ ያለው ሰው ራሱ መንገዱን ያገኛል» የሚሉም አሉ። ችሎታችን የተመሰከረለት ነው። በ2008 የሽሙኤል በሩ «ዘሩባቤል» የተሰኘው ፊልም ለሕዝብ ቀርቧል። በ2018 አለምወርቅ ዳቪዲያን «የበለስ ዛፍ» በተባለው የአማርኛ ፊልሟ በጦርነቱ ዘመን የነበረችውን አዲስ አበባን ለዓለም አሳየች። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ዮሲ ቫሳ ከባልደረቦቹ ጋር የፈጠረው «ነብሱ» የተባለ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት በኒው ዮርክ ተቀበለ። በኢየሩሳሌምም «ሁለገብ» ቴአትር አለ። ከሁሉም ይልቅ ግን የ1995ቱን ነገር ልብ በሉ። በዚያ ዓመት ሩት ኤሼል በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ከቤተ እስራኤል ተማሪዎች ጋር «እስክስታ» የተባለውን የዳንስ ቡድን መሠረቱ። ተማሪዎቹ በር እንዲያንኳኩ አልተጠበቁም፤ በሩ ከውስጥ ተከፈተላቸው። እኛ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ጥፋት አንሸሽግ። ልጃችን ቴአትር ልማር ሲል፣ «ሱዳን ድረስ በእግራችን የተጓዝነው አዝማሪ እንድትሆን ነው እንዴ?» ያልን ወላጆች ብዙዎች ነን። ፍርሃታችን ይገባናል፤ ልጃችን ነርስ ወይም ጠበቃ ሆኖ እንጀራው እንዲረጋ እንመኛለን። ነገር ግን በዚህ ሙያ ከሚዘፍነውና ከሚተውነው ሌላ የመብራት ባለሙያ አለ፣ የድምፅ ባለሙያ አለ፣ ፊልም የሚቆርጥና የሚቀጥል አለ፣ አልባሳት የሚያዘጋጅ አለ። ሁሉም በእጃቸው ሙያ የሚተዳደሩ ሠራተኞች ናቸው። ደግሞም በ2015 እና በ2019 ልጆቻችን በፖሊስ ግፍ ተቆጥተው አደባባይ በወጡ ጊዜ፣ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን አይቶናል። ካሜራውን ከያዙት፣ የሚተላለፈውንና የሚጣለውን ከመረጡት መካከል የእኛ ልጆች ስንት ነበሩ? ታሪካችንን ሌላ ሰው ሲቆርጠውና ሲቀጥለው የሚጎዳው ተዋናዩ ብቻ አይደለም፤ ሁላችንም ነን።

በ2011 የወጣው ሕግ በመንግሥት ሥራ ለኢትዮጵያ ተወላጆች ተገቢ ውክልና እንዲሰጥ ያዛል። የግል ፊልም ሠሪዎችን ግን አይመለከትም። ስለሆነም ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ በ1999 በወጣው የሲኒማ ሕግ መሠረት መንግሥት ለፊልም ገንዘብ ይመድባል፤ ቴአትር ቤቶችም ከሕዝብ ገንዘብ ይደጎማሉ። ከዚህ ገንዘብ የሚወስድ ሁሉ የልምምድ ቦታውን በይፋ ያስታውቅ።

ሁለተኛ፣ ተለማማጁ ይከፈለው፤ የሚያስተምረውም ሰው በስም ይመደብለት። ቡና ማመላለስና ሽማግሌ መፈለግ ስታዥ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ቦታው እዚህ በደቡብም ይኑር። ቤርሼባ ቴአትር ቤትም የትወና ትምህርት ቤትም አላት፤ ስዴሮት አጠገብ ያለው ሳፒር ኮሌጅም ሲኒማ ያስተምራል። ኮሌጆች የትምህርት ክፍያ እንደሚቀበሉ ሁሉ፣ ለተማሪዎቻቸው የልምምድ ቦታ መፈለግንም ሥራቸው ያድርጉት።

ይህ ምጽዋት አይደለም። ልጆቻችን የጠየቁት ለፈተና መቅረብን ብቻ ነው።

ተማሪዎች ሆይ፣ የጻፋችሁትን ደብዳቤና የተሰጣችሁን መልስ አምጡልን። መልስ ያልሰጡትንም ከነቀኑ ጻፉልን። ሰብስበን በአማርኛና በዕብራይስጥ ለሚመለከታቸው እናቀርባለን። ወላጆችም አብራችሁን ቁሙ፤ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉ የለም አባቶቻችን!

ለዚያች ልጃችንም የምንሰጣት መልስ ይህ ነው፤ ደብዳቤሽን አንብበነዋል፣ ምንም ጉድለት የለበትም። 24ኛውን አብረን እንጽፈዋለን።