«በአንድ ክሊክ» ያለቀለት ማህደር

በቴክኖሎጂ ቻናሎች ላይ በየሳምንቱ አንድ «ተአምረኛ» ሶፍትዌር አይጠፋም። ፎቶ ያሳምራል፣ ጽሑፍ ያረቅቃል፣ ይለጥፋል፣ ባለቤቱን ወክሎም ኢንተርኔት ያስሳል። ማስታወቂያው ሁሌም ያው ነው፦ በአንድ ክሊክ፣ በነፃ፣ አሁኑኑ ያውርዱ። ከሥሩ የሚደረደረው የእሳት ምልክት ለጉድ ነው። የሚጫነው ፎቶ የት እንደሚቀመጥ፣ ነገ ድርጅቱ ቢዘጋ ሰው ምን ይዞ እንደሚወጣ የሚጠይቅ አስተያየት ግን በመብራት ቢፈለግ አይገኝም።

ተስፋው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ኦፕንኤአይ አትላስ የተባለውን ብራውዘር ሲያወጣ ዓለም ጉድ አለ። ልክ ከ20 ዓመት በፊት፣ በኦክቶበር 2005፣ ፍሎክ የሚባል ብራውዘር የሙከራ ቅጂው ወጥቶ ነበር። ፋየርፎክስ በተሠራበት የሞዚላ ኮድ ላይ የተገነባ ሲሆን ፎቶ ፍሊከር ላይ መጫን፣ ብሎግ ጽፎ መለጠፍ፣ ድረ-ገጽ ማሰስ ሁሉም በአንድ መስኮት እንዲያልቅ ታስቦ የተሠራ ነው። ያኔም ሥራን ያቀላል ተብሎ ተጨብጭቦለታል። በጃንዋሪ 2011 ዚንጋ የተባለው የጌም ኩባንያ ድርጅቱን ገዛው፤ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ለብራውዘሩ የሚሰጠው ድጋፍ ተቋረጠ። አለቀ።

ልብ መባል ያለበት ግን ሌላ ነገር ነው። ፍሎክ ሲሞት ብሎጎቹ አብረውት አልሞቱም። ጽሑፉ ያለው በጸሐፊው ብሎግ ላይ፣ ፎቶው ያለው ፍሊከር ላይ ነበር። ፍሎክ ዕቃ አድራሽ እንጂ ዕቃ ቤት አልነበረም። ፒካሳም እንደዚሁ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2004 የገዛው ይህ የፎቶ ሶፍትዌር ፎቶዎቹን የሚያደራጀው በባለቤቱ ኮምፒውተር ላይ እንዳሉ ነበር። በ2016 ጉግል ሲያቆመው ፎቶዎቹ ከባለቤታቸው ዲስክ ላይ ንቅንቅ አላሉም።

የዛሬዎቹ ግን ተሸካሚም ጎተራም ልሁን ይላሉ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጎተራው ደግሞ የሌላ ሰው ነው። ጉግል ፎቶስ በ2015 ሲጀምር መጠኑ ለተቀነሰ ፎቶ ያልተገደበ ቦታ በነፃ ሰጠ። ሰው ለስድስት ዓመት ያለውን ሁሉ ሲያጉር ቆይቶ ከጁን 1 ቀን 2021 ጀምሮ የሚገባው በሙሉ ከ15 ጊጋባይቱ ላይ ይቆጠራል ተባለ፤ ያውም ከኢሜይሉ ጋር የሚካፈሉት 15 ጊጋባይት። ፍሊከር ባለቤቱ ከተቀየረ በኋላ ነፃ ተጠቃሚን በ1,000 ፎቶ እንደሚገድብ በ2018 አስታወቀ። ማይስፔስ ደግሞ ከ2015 በፊት የተጫኑ ዘፈኖች፣ ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ሰርቨር ሲዛወር መጥፋታቸውን በ2019 ያመነው በአንዲት አጭር የይቅርታ ማስታወቂያ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ሥራ በአንድ አንቀጽ ይቅርታ! የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚባለው ለጌጥ ብቻ አይደለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የዚህ ጎተራ ስም ቴሌግራም ነው።

የፍሪላንስ ፎቶ አንሺውን ውሎ ማየት ይበቃል። ያነሳውን ለአዘጋጁ የሚልከው በቴሌግራም ነው። ስልኩ ሲሞላ «ቴሌግራም ላይ አለልኝ» ብሎ ዋናውን ያጠፋል። ነገር ግን በፎቶነት የተላከ ምስል ይጨመቃል። ዋናው እንዳለ የሚደርሰው በፋይልነት ሲላክ ብቻ ነው። ይህችን ልዩነት የሚያውቁ ብዙ ናቸው፤ ፋይሉ ይከብዳል፣ ዳታ ይበላል እያሉ ነው የሚተዉት። ከዓመት በኋላ ለኤግዚቢሽን ወይም ለመጽሐፍ ሽፋን ሲፈለግ በእጅ ላይ ያለው ቢታተም የሚደበዝዝ ቅሪት ነው።

ከጥራቱ ይልቅ የሚያስቆጨው ሌላው ነው። ሲጨመቅ ፎቶው በውስጡ የያዘው መረጃ፣ ማለትም የተነሳበት ቀንና ሰዓት፣ የካሜራው ዓይነት፣ አንዳንዴም ቦታው፣ አብሮ ይራገፋል። እርግጥ አደገኛ ቦታ ላይ ሆኖ ለሚልክ ሰው ይህ መራገፍ ከለላ ነው። ለዚህም ነው ዋናው ቅጂ ባለቤቱ እጅ መቅረት ያለበት። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የሌላ አገር ፎቶ የኢትዮጵያ ነው፣ የድሮው የትናንት ነው እየተባለ ሲዘዋወር የታየ ነው። እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት የሚጠቅመው ያ የተራገፈው መረጃ ነበር። ዋናውን ያጠፋ ጋዜጠኛ ነገ «ይህን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ» ቢል በምን ያስረዳል? በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፎቶ መፈብረክ የልጅ ጨዋታ በሆነበት ዘመን ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተገደለ ሰው እንዳልተገደለ ሊቆጠር የሚችልበት ጉዳይ ነው።

ጽሑፉም የተሻለ ዕጣ አልገጠመውም። በ1998 ግንቦት ብሎግስፖት አገር ውስጥ ሲታገድ፣ በ2006 ሚያዝያ የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን ሲታሰሩ፣ ብሎግ መጻፍ ዋጋ ያስከፍል ነበር። ያም ሆኖ እያንዳንዱ ጽሑፍ የራሱ አድራሻ ነበረው፤ ውጭ ያለው ያነበዋል፣ ከዓመታት በኋላም ተፈልጎ ይገኛል። ብሎጉን መንግሥት ጀመረው እንጂ የጨረሰው ምቾት ነው። ፌስቡክ ላይ መጻፍ ቀለለ፣ ጸሐፊው ሁሉ ነቅሎ ሄደ። ከአሥር ዓመት በፊት ስንት ሰው የተከራከረበት ጽሑፍ ዛሬ ከየት ይገኛል? አካውንቱ ከተዘጋ ጸሐፊው ራሱ አያገኘውም።

በ2015 የካቲት መጀመሪያ ቴሌግራምና ፌስቡክ፣ ቲክቶክም ጭምር፣ ሲገደቡ ደግሞ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ተፈተነ። ገደቡ ከአምስት ወር በላይ ቆየ። የራሱ ድረ-ገጽ የነበረው ሚዲያ ቢያንስ አንባቢው በቀጥታ ሊመጣበት የሚችል በር ነበረው። ቻናል ብቻ የነበረው ግን ቪፒኤን ካለው ሰው በቀር አንባቢ አልነበረውም። ገደቡ ሲነሳ ሁሉም ወደ ለመደው ተመለሰ፤ ትምህርት የወሰደ ካለ እሰየው።

«ድሃ ምርጫ የለውም» የሚል ክርክር ይነሳል፤ ሊናቅ የማይገባው ክርክር ነው። ድረ-ገጽ ለማስቀመጥ ብዙ ጊዜ በዶላር መክፈል ያስፈልጋል፣ በብር ሂሳብ ለሚኖር ሰው ያ ቀላል አይደለም። ነፃ የሆነውን መጠቀም ነውር የለውም። ነገር ግን በነፃው መጠቀም አንድ ነገር ነው፣ ብቸኛውን ቅጂ እዚያ ትቶ መሄድ ሌላ። አንድ ሃርድ ዲስክ በሁለት ጋዜጠኞች መዋጮ ይገዛል። ጽሑፍማ ምንም ቦታ አይበላም፤ አንድ ፍላሽ የአንድን ሰው የዕድሜ ልክ ጽሑፍ ችሎ ይተርፈዋል። ሥልጠና ሰጪ ተብዬዎቹ በየአዳራሹ «ዲጂታል ክህሎት» እያሉ አሥር አዲስ መተግበሪያ ከሚያስጭኑ፣ ግማሽ ሰዓት ወስደው ያለውን ማውጣት ቢያሳዩ ምን ነበረበት?

መንገዱ አለ። ጉግል ላይ የተከማቸን ሁሉ ጠቅልሎ የሚያወርደው ቴክአውት ከ2011 ጀምሮ አለ። ቴሌግራምም የአንድን ቻናል ታሪክ ከነፎቶው አውጥቶ የሚሰጥ ቁልፍ ካስገባ ከ2018 ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ያ ቁልፍ የሚገኘው በኮምፒውተር በሚጫነው ቅጂ ላይ ነው። የብዙ ሺህ ሰው ቻናል ያለው ሰው ግን ቻናሉን የሚያስተዳድረው በስልኩ ነውና ቁልፉን አይቶት አያውቅም።