ሚስትህን ፈታህ እንጂ ልጅህን አልፈታህም!



ዛሬ የምንጽፈው የሚያስቆጣው ሰው ይኖራል። ይቆጣ።

ከዐስር ሶላት በኋላ ልጅ አዝላ መስጂድ በር ላይ የምትቆም እህት ስንቴ አይተናል? ሰደቃ ልትለምን አይደለም የመጣችው። የቀድሞ ባሏ የት እንዳለ ታውቃለች፤ እኛም እናውቃለን፤ አሁን ከጎናችን ሰግዶ ወጥቷል። የምትለን አንድ ነገር ነው፦ «የልጆቹን ነፈቃ እንዲሰጥ ንገሩልኝ።» እኛ የመስጂድ ሰዎች ምን እንላታለን? «ሶብር አድርጊ እህቴ፣ እናናግረዋለን።» እናናግረዋለን። እሱም «ኢንሻአላህ» ይላል። ወሩ ያልቃል። በሚቀጥለው ወር ያችው እህት እዚያው በር ላይ ትቆማለች። ጅግጅጋ ላይም፣ ቶጎ ውጫሌ ላይም፣ ቀብሪ በያህ ላይም ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ይህ ይታወቅ፦ ነፈቃ የአባት ችሮታ ሳይሆን የልጅ ሐቅ ነው። አላህ በሱረቱል በቀራህ 233ኛው አንቀጽ የምታጠባ እናት ቀለብና ልብስ በአባት ላይ መሆኑን ደንግጓል። በሱረቱ ጦላቅ 6ኛውና 7ኛው አንቀጽ ደግሞ የተፈታች እናት ልጁን ካጠባች ዋጋዋ እንዲሰጣት፣ ሀብታሙም በሀብቱ ልክ፣ ድሃውም በአቅሙ ልክ እንዲያወጣ አዟል። ድሃው ይቀንስለታል እንጂ ነፃ አልተባለም።

ሂንድ ቢንት ዑትባ (ረ.ዐ) ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ ባሏ አቡ ሱፍያን ለእሷና ለልጆቿ የሚበቃ እንደማይሰጥ ስትነግራቸው፣ በአግባቡ የሚበቃትን ያህል ከገንዘቡ እሱ ሳያውቅ እንድትወስድ ፈቀዱላት። ሐዲሱ ቡኻሪና ሙስሊም ውስጥ አለ። ልብ በሉ! «ሶብር አድርጊ» ብለው አልመለሷትም። ታዲያ እኛ ይህን መልስ ከየት አመጣነው?

ወደ ሰበቦቹ እንምጣ።

«ልጁን ካልሰጠችኝ አልከፍልም» ይላል። ወንድሜ፣ ልጁ ማን ጋር ይኑር የሚለው አንድ ጉዳይ ነው፤ ማን ይቀልበው የሚለው ሌላ ነው። እናቱ ጋር ሲኖርም የሚበላው ካንተ ነው።

«ሌላ ባል አግብታለች» ይላል። የእንጀራ አባት ቢያበላው ሰደቃው ነው፤ ያንተ ግዴታ ግን ወደ እሱ አልዞረም።

«ገንዘቡን ታባክነዋለች» ይላል። እንግዲያው ዱቄቱን ግዛ፣ የትምህርት ቤቱን ክፍያ ራስህ ሄደህ ክፈል። ማን ከለከለህ?

«ሥራ የለኝም» ይላል። ከአወዳይ የሚመጣው ጫት ግን አንድ ቀን ቀርቶበት አያውቅም። በእውነት የሌለውን ወንድም አንወቅስም፤ ያለውን ያህል ይስጥ፣ የጎደለውንም በግልጽ ይናገር። በሻፊዒይ መዝሀባችን አባት ሲያቅተው ተጠያቂው የአባት አባት ነው። እናቲቱ ብቻዋን ትሸከመው ያለ የለም።

ለጎሳ ሽማግሌዎቻችንም አንድ ቃል አለን። ሰው ሲሞት ማግ፣ የደም ካሳው፣ በጥቂት ቀናት ይዋጣል፤ የአንድ ወንድ ነፍስ ካሳ መቶ ግመል መሆኑን ሁሉም ያውቃል። በሲቲ ዞን የምናውቀው ሄር ኢሴ በ2017 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር ሁላችንም ኮርተናል። ታዲያ ለሞተው መቶ ግመል የሚያዋጣ ጎሳ፣ በሕይወት ያለ ልጁ ሲራብ ለምን ዝም ይላል? ልጁ አብቲርሲ ሲቆጥር እስከ አሥረኛው አባት ይደርሳል። የመጀመሪያው ግን የት ነው ያለው?

አሁን ዋናውን ነገር እንናገር። እህቶች በተለይ አድምጡን። የእኛ «ሶብር አድርጊ» ደግ ምክር ይመስላል እንጂ ሐቅ የሚያጠፋ ምክር ነው። የኢማም ነወዊን ሚንሃጅ የቀራ ሁሉ ያውቀዋል፦ ያልተከፈለ የሚስት ነፈቃ ዕዳ ሆኖ ይቆያል። ያለፈ የልጅ ነፈቃ ግን ቃዲ ካልወሰነው ወይም በአባት ስም ብድር ካልፈቀደ ዕዳ ሆኖ አይቆይም። ኃጢአቱ በአባት ላይ ይቀራል፤ ገንዘቡ ግን ያመልጣል። እናቲቱን ሁለት ዓመት ያስታገሥናት እኛ፣ የሁለት ዓመት ሐቅ አስጥለናታል ማለት ነው። አላህ ይማረን።

ስለዚህ እህቴ፣ አትጠብቂ። በመጀመሪያው ወር ወደ ሸሪዐህ ፍርድ ቤት ሂጂ፤ መጠኑና የሚከፈልበት ቀን ተወስኖ ይጻፍ። ወደ ሀርጌሳ ወይም ወደ ጅቡቲ ከሄደም ለቃዲው ንገሪ፤ በስሙ የመበደር ፈቃድ የተደነገገው ለዚህ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 መሠረት የሸሪዐህ ዳኝነት የሁለቱን ወገኖች ፈቃድ ይጠይቃል። እሱ «አልፈቅድም» ካለ መደበኛው ፍርድ ቤት ክፍት ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 658ም ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ መከልከል በእስራት ወይም በመቀጮ ያስቀጣል። ሐቅሽን በመጠየቅሽ «ባሏን ከሰሰች» የሚል ካለ፣ የሚያፍረው እሱ ይሁን።

እኛ የመስጂድ ሰዎችም ሁለት ነገር እንያዝ። የልጆች ነፈቃ ሳይጻፍ የፍቺ ሽምግልና አንዝጋ። ሌላ ሚስት ሊያገባ ለኒካሕ የመጣን ሰውም ከመህሩ በፊት «የቀድሞ ልጆችህን ማን ይቀልባቸዋል?» ብለን እንጠይቀው።

እናንተ ወጣቶችም በርጫ ላይ አብሯችሁ የሚቀመጠውን ጓደኛችሁን ዛሬውኑ ጠይቁት። ያሳፍረዋል። ግን በቂያማ ቀን የገዛ ልጁ ከሚጠይቀው፣ ዛሬ እናንተ ብትጠይቁት ይሻለዋል።

አላህ ለአማናችን ታማኞች ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።