ሰዓቱንም አብረን እናስተምር

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል፤ ዛሬ ግን ስንቱ ወደማያውቀው ከተማ ይሄዳል! ታላቅ እህቴ ጅዳ እንደገባች ለሥራ «በ8 ሰዓት ነይ» ቢሏት በእኛው 8፣ ከቀትር በኋላ ሄደች። ለካ የዚያ የጠዋት 8 የእኛ 2 ነው! ሥራው ለሌላ ተሰጥቶ ጠበቃት። ገበያ ብትወጣ ደግሞ በዓረብኛው አኃዝ አምስቱ እኛ የምንጽፈውን ዜሮ ይመስላል፤ ዜሮው ነጥብ ብቻ ነው።

አንዳንድ ጓደኞች «ይህን ማስተማር ልጆችን ለስደት ማነሣሣት ነው» ይላሉ። እኔ አልስማማም። የሚሄድ ሳያውቅም ይሄዳል፤ የሚጎዳው ግን ያላወቀው ነው። ስለዚህ፣ እጩ መምህራን ሆይ፣ በካርታ ላይ የከተማ ስም ስናስጠና የሰዓቱን አቆጣጠርና አኃዙንም አብረን እናስተምር።