ስልኩ ሲሞላ

ባለፈው ወር የባለቤቴ ስልክ «ቦታ ሞልቷል» ቢለው ልርዳው ብዬ ሳላማክረው ፎቶና ቪዲዮ መሰረዝ ጀመርኩ። ልጃችን ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሯ የሄደችበትን ሳይቀር አጠፋሁት። ሲያውቅ ምንም አልተናገረም፤ የእሱ ዝምታ ደግሞ ከቁጣ ይብሳል።

ለካስ ቦታውን የያዘው ቴሌግራም ኖሯል! ከየግሩፑ የወረደው መዝሙርና ቪዲዮ ብቻ 11 ጊጋባይት። ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፣ ቀጥሎ «ስቶሬጅ ዩሴጅ» ገብታችሁ ካሹን አጽዱ። ፋይሉ ከስልኩ ይወጣል እንጂ ከቴሌግራም አይጠፋም፤ ስትፈልጉ መልሳችሁ ታወርዱታላችሁ። ዋትስአፕ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ እዚያ የተሰረዘ ላይመለስ ይችላል።

ቪዲዮውን ከጉግል ፎቶስ መጣያ አገኘነው፤ ባክአፕ የተደረገውን 60 ቀን ያቆያል። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አየው። ከዚያ ወዲህ ስልኩን የምናጸዳው ለሁለት ቁጭ ብለን ነው።