ጋዋኑ ገበያ ምን ይሠራል?

ለዚህ ሳምንት ያሰብኩት ስለ መንገዳችን ልጽፍ ነበር፤ የሰቆጣ ገበያ ሐሳቤን አስቀየረኝ። አንዲት ወጣት የጤና ባለሙያ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች፣ ማዳመጫዋ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ማዳበሪያ ላይ የተዘረጋ ቲማቲም ጎንበስ ብላ ትመርጣለች። የቀኝ እጅጌዋ ጫፍ ጠቁሯል፤ ኪሷ ላይ የአዮዲን ጠብታ ደርቆ ቡናማ ሆኗል። እጇን በዘረጋች ቁጥር ያ እጅጌ የቲማቲሙን ክምር እየጠረገ ያልፋል። እሷ የተወችውን ደግሞ ሌላዋ እናት እያነሳች ዘንቢሏ ውስጥ ትከታለች።

ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «እህቴ፣ ይኼ እኮ የሥራ ልብስ ነው» አልኳት። አልተቆጣችም። «የት ላስቀምጠው ጋሼ? ያለኝ እሱ ብቻ ነው። መስቀያ ላይ ትቼው ብወጣ ስመለስ አላገኘውም» አለችኝ። መልሷ እውነት አለው፤ እመለስበታለሁ።

ያ ጋዋን ከጠዋት ጀምሮ የት ዋለ? ቁስል ሲታጠብ አጠገቡ ነበር። የሚያስለው ሕፃን ደረቱ ላይ ተለጥፎበታል። የአልጋ ጠርዝ፣ የበር እጀታ፣ የሽንት ዕቃ ሁሉ ነክቶታል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ቁስል ከሚያመረቅዙት መካከል የሆኑ ባክቴሪያዎችን ሆስፒታል በሚገኙ ጨርቆችና ፕላስቲኮች ላይ አድርጎ ሲከታተል፣ ሁሉም ቢያንስ አንድ ቀን፣ አንዳንዶቹም ከ90 ቀን በላይ በሕይወት ቆይተዋል። እኛ ደግሞ ከሩቅ እጅ ነስተን የምንለያይ ሰዎች አይደለንም። ትከሻ ለትከሻ ካልተነካካን፣ ጉንጭ ለጉንጭ ካልተሳሳምን ሰላም የተባባልን አይመስለንም። በምሳ ሰዓት ጋዋኑን እንደለበሰ ልቅሶ የሚደርስ አይቻለሁ፤ ሐዘንተኛውን አንድ በአንድ አቅፎ፣ ከቀረበው ማዕድ ቀምሶ ይመለሳል።

«በጋዋን የተነሳ ገበያ ላይ የታመመ ሰው አሳየን» የሚሉኝ አሉ። የእንግሊዝ ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ የሥራ ልብስ በሽታ በማዛመት ከባድ አደጋ መሆኑ በማያወላዳ ማስረጃ አልተረጋገጠም ብሏል። ያው መመሪያ ግን ልብሱ በ60 ዲግሪ ሙቀት ለ10 ደቂቃ ይታጠብ፣ ከሥራ ሲወጣም ይሸፈን ወይም ይቀየር ይላል። ማስረጃው እስኪሟላ ድረስ ቲማቲም ይመረጥበት አላሉም። ደግሞስ የሚብሰው የመልስ ጉዞው አይደለም? የባጃጁ ወንበር፣ የፍየል ተራው አቧራ፣ የሰው ግፊያ፣ ሁሉም በዚያው ጋዋን ተመልሶ ማዋለጃ ክፍል ይገባል። እዚያ እትብቱ ገና የተቆረጠ ጨቅላ ተኝቷል። ለእሱ ማን ይከራከርለት?

ክብሩ ይገባኛል። ፍየል ሸጦ ልጁን ያስተማረ አባት ልጁን በነጭ ጋዋን ሲያያት ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ፤ ጎረቤትም እንዲያይለት ይፈልጋል። ግን ክብር ያለው ልብስ እንዴት እንደሚያዝ የእኛ የዋግ ሰው አልጠፋውም። ቄሱ ቀድሰው ሲወጡ ልብሰ ተክህኗቸውን እዚያው ቤተ ክርስቲያን አውልቀው፣ ተጣጥፎ ዕቃ ቤት ይቀመጣል። ለብሰውት ገበያ ቢወርዱ ጉድ ይባል ነበር። ልብሱ የሚከበረው ከቦታው ስለማይወጣ ነው፤ ጋዋንም እንደዚያ እንዲያዝ ነው የምፈልገው።

ወደ ልጅቷ መልስ ልመለስ። አንድ ጋዋን የተሰጠው፣ ቁልፍ ያለው ሳጥን የሌለው፣ የልብስ መቀየሪያ ክፍል ያልተሠራለት ባለሙያ ጋዋኑን ለብሶ ቢሄድ ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም። ማታ ቤቷ ስትገባ ልጇ ሮጦ የሚጠመጠመው እዚያው ጋዋን ላይ ነው። ከዚያ ከሕፃኑ ልብስ ጋር አንድ ሳፋ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ውኃው በጀሪካን የመጣ ስለሆነ ሁለተኛ አይቀየርም። ልብ በሉ፣ በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ያወጀው ቃል ኪዳን የተሰየመው በዚችው በሰቆጣ ስም ነው። ሕፃን የሚቀነጭረው ምግብ በማጣት ብቻ አይደለም፤ ተቅማጥ ሲመላለስበትም የበላው አይረጋለትም። በቃል ኪዳኑ ውስጥ ውኃና ንጽሕና የገቡት ለዚህ ነው።

የዚህ ዓምድ አንባቢ ዞሬ ዞሬ ውኃ ላይ እንደምደርስ ያውቃል። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ በክልላችን ወረዳዎች እከክ ሲዛመት አይተናል። መጠጫ ውኃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቀረው ልብስ ማጠብ ነው፤ የእከክ ተባይ ደግሞ ከሰው ገላ ወርዶም ጨርቅ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ስለዚህ «ጋዋን ለብሶ መውጣት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት በር ላይ መለጠፍ ብቻውን አያጠግበኝም። ለእያንዳንዱ ባለሙያ ቢያንስ ሁለት ጋዋን፣ ስሙ የተጻፈበትና የሚቆለፍ ሳጥን፣ ልብሱን በሙቅ ውኃና በበረኪና አጥቦ፣ ተኩሶ የሚመልስ የማጠቢያ ክፍል ያስፈልጋል። 60 ዲግሪ ለመድረስ የግድ የውጭ ማሽን አያሻም፤ የፈላ በርሜል ይበቃል። የውኃና የማገዶ ወጪው ግን በበጀት ይያዝ እንጂ ከነርሷ ደመወዝ አይውጣ።

ይህን ሁሉ የምትሠራው ልብስ አጣቢዋስ? ስለ ጤና ተቋም ስናወራ ስሟን የሚያነሳ የለም። ደም የነካውን አንሶላ በባዶ እጇ የምታሽ አጣቢ አይቻለሁ፤ በረኪናው የጣቶቿን ቆዳ ልጦታል። እሷ የምትለብሰው የሥራ ልብስም ያው ወደ ቤት የሚሄደው ነው፣ ልጆቿም ያው የሚያቅፏት ልጆች ናቸው። ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ሲጀመር የጤና መምሪያው ሰዎች ከሐኪሙ ጋዋን በፊት የእሷን ወፍራም ጓንት፣ የእሷን ቦቲ ጫማና የእሷን ቅያሪ ቱታ ይጻፉልን።